ጭድ፣ አገዳና ፕላስቲክ፦ ስድስት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አይከል የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላና ኑግ ይዘራል። ቁልቁለቱ አልቆ የመተማ ቆላ ሲጀምር ደግሞ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ሰፊውን መሬት ይሸፍኑታል። ሰሊጥ የጫነው መኪና ሽቅብ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ የፋብሪካ ዕቃ የጫነው ቁልቁል ይወርዳል። የሁለቱም ትራፊ እዚሁ ይቀራል፤ ከእርሻው አገዳና ገለባ፣ ከገበያው ደግሞ ፌስታል፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካንና የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት።

እነዚህን ሁለት ትራፊዎች አዋሕዶ ጠቃሚ ዕቃ መሥራት ይቻላል። ከተክል የተገኘ ፋይበር በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ፕላስቲኩን ያጠነክረዋል። የሚወጣው ቁስ ኮምፖዚት ይባላል፤ ለኮርኒስ፣ ለወለል ንጣፍ፣ ለአጥር፣ ለወንበርና ለመኪና የውስጥ ልባስ ይውላል። ስለዚህ ቁስ ሲወራ ግን ሁለት ጽንፍ ይሰማል። አንዱ ወገን «በጭድ ፕላስቲክ ይሠራል ማለት ቀልድ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሌላው ወገን «የገጠሩን ቆሻሻ ሁሉ ገንዘብ እናደርገዋለን» ብሎ ያለ ልክ ያሞግሰዋል። ጉዳቱ የሚያርፈው በሁለቱም በኩል ገበሬው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዕድል ያሳጣዋል፣ ሁለተኛው ለበሬው ያስቀመጠውን ጭድ ይሻማዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በተደጋጋሚ የሚነገሩትን አመለካከቶች አንድ በአንድ ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ «ጭድና ገለባ ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ ነው»

እውነታው፦ የጭልጋ ገበሬ ጤፉን ወቅቶ ሲጨርስ እህሉን ወደ ጎተራ፣ ጭዱን ወደ ክምር ይወስዳል። ክምሩ ዝናብ እንዳያስገባ ተስተካክሎ ይሠራል፣ ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። ቆሻሻን በእሾህ የሚያጥር ሰው የለም። የግጦሽ ሣር በሚደርቅባቸው የበጋ ወራት በሬው፣ ላሟና አህያው የሚኖሩት በዚያ ክምር ነው። ዝናቡ ጠብ ሲል ቀንበር የሚሸከመው በሬ ጉልበቱን ያገኘው ታኅሣሥ ላይ ከተከመረው ጭድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሰብል ተረፈ ምርት ከግጦሽ ቀጥሎ፣ በአንዳንድ ቦታና ወቅትም ከግጦሽ ቀድሞ፣ ዋነኛው የከብት መኖ ነው።

አገልግሎቱ በመኖ አያበቃም። የጤፍ ጭድ ለቤት ምርጊት ይገባል። የማሽላ አገዳ አጥርና ማገዶ ይሆናል። ማሳ ላይ የቀረው ግንድና ሥር ደግሞ በስብሶ አፈሩን ይመግባል፤ እሱም በየዓመቱ ተጠራርጎ ከተወሰደ መሬቱ ይሟጠጣል። ስለዚህ «የጤፍ ጭድ በነፃ እንሰበስባለን» ብሎ የሚነሳ ማንኛውም ዕቅድ ከመጀመሪያው ስሌቱን ስቷል። ብዙ ጭድ የሚገዛ ፋብሪካ አካባቢው ላይ ቢተከል የጭድ ዋጋ ይወደዳል። ያን ጊዜ ከብት ያለው ድሃ ገበሬ ከፋብሪካ ጋር ተጫርቶ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ከብት የማይፈልገው፣ አፈርም ብዙ የማይጠብቀው ተረፈ ምርት ግን አለ። ቆላው ላይ የሰሊጥ ነዶ ደርቆ ፍሬው ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው አገዳ ጠጣርና እንጨታማ ስለሆነ ለመኖ እምብዛም አይመረጥም፤ አብዛኛው ይማገዳል ወይም እዚያው ይቃጠላል። የጥጥ አገዳማ ማሳ ላይ እንዲቆይም አይመከርም፤ የጥጥ ፍሬ የሚበላው ትል ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ተነቅሎ መወገድ አለበት። ከጣና በስተ ምሥራቅ ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚተፉት ገለፈት ይከመራል። ደቡብ ላይ የቡና ገለፈት አለ። እንሰት ሲፋቅ ለምግብ ከሚሆነው ተለይቶ የሚወጣው ቃጫ አለ። ፋይበር ፍለጋ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ማየት ይገባዋል። የጤፍ ጭድ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ «ይህ ከውጭ የመጣ፣ ገና ያልተፈተነ አዲስ ነገር ነው»

እውነታው፦ ደካማ ነገርን በፋይበር ማጠንከር የሀገራችን ሰው ቤት በሠራ ቁጥር የሚያደርገው ነው። ለምርጊት የሚሆን ጭቃ ሲዘጋጅ አፈሩ ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያም ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ጭቃ ብቻውን ቢለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ የገባበት ግን ስንጥቁ ሲጀምር ጭዱ ግራና ቀኙን ይዞ እንዳይሰፋ ያግደዋል።

ከፈረሰ ግድግዳ የወደቀ አንድ ጓል አንስተው ስብራቱን ልብ ብለው ይመልከቱ። የጭዱ ጫፎች ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። አንዳንዱ መሐል ላይ ተበጥሷል፤ አንዳንዱ ሳይበጠስ ከጭቃው ተመዝዞ ወጥቷል፤ የተመዘዘው በሌላኛው ጓል ላይ ለስላሳ ቀዳዳ ትቶ ሄዷል። የተበጠሰው ጭቃውን አጥብቆ ይዞ እስከ መጨረሻው ሸክም ተሸክሟል። የተመዘዘው ግን አልተጣበቀም፤ ጉልበቱ ሳይሠራበት ቀርቷል። መሐንዲሶች የተሰበረ ኮምፖዚት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ፋይበሩ ተበጠሰ ወይስ ተመዘዘ?

በፕላስቲኩ ዓለምም ነገሩ ፕላስቲክ ከተፈጠረ ጀምሮ የነበረ ነው። ቤልጂየም ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ፣ ቤክላይትን፣ አስገኘ። ቤክላይት ብቻውን ተሰባሪ ስለነበረ የእንጨት ዱቄት እየተጨመረበት ለስልክ፣ ለሬዲዮና ለመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ዋለ። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ብረት ስላጠራት የትራባንት መኪናን አካል ከጥጥ ፋብሪካ ብጥስጣሽና ከፊኖል ሙጫ ጨምቃ ሠራች። ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ሦስት ሚሊዮን ያህል ትራባንት ከፋብሪካ ወጥቷል። ጥጥ የሚያበቅለው የመተማ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፦ ሌላ ሀገር የጥጥ ትራፊን የመኪና በር አድርጎታል።

ለእርሻ ተረፈ ምርት የበለጠ የሚቀርበው የፎርድ ኩባንያ ምሳሌ ነው። ፎርድ ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ፣ 20 በመቶ የስንዴ ገለባ የገባበትን ፖሊፕሮፒሊን በእ.ኤ.አ. 2010 ሞዴሉ ፎርድ ፍሌክስ መኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ላይ አውሎታል። ገለባው የመጣው ከኦንታሪዮ ገበሬዎች ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥም ሥራው በጥናት ደረጃ ቆይቷል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የእንሰት ቃጫን፣ ሲሳልንና ሌሎችንም የሀገር ፋይበሮች ለኮምፖዚት የፈተኑ ተመራማሪዎች ያሉበት ነው። የጤፍ ጭድም በአልካሊ ታጥቦ ለፕላስቲክ ማጠናከሪያነት ተፈትሿል። አዲስ አበባ ላይ ኩቢክ የተባለው ኩባንያ ከተጣለ ፕላስቲክ የግንባታ ቁሳቁስ ማምረት ጀምሯል። የጎደለው እውቀቱ ሳይሆን ከቤተ ሙከራው እስከ ማሳው ያለው ድልድይ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ «ጭድ የገባበት ፕላስቲክ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው»

እውነታው፦ ጥንካሬ ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር ብዙ ነው። አንድ ቁስ ሲጫኑት አለመጉበጡ አንድ ነገር ነው፤ ሲጎትቱት አለመበጠሱ ሌላ ነው፤ በድንጋይ ሲመታ አለመሰንጠቁ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የተክል ፋይበር ከሁሉ በላይ የሚጨምረው የመጀመሪያውን፣ ግትርነትን ነው። ከ30 እስከ 40 በመቶ ፋይበር በሚገባ የተዋሐደበት ፖሊፕሮፒሊን ግትርነቱ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያድግ ይችላል። በአንጻሩ ድንገተኛ ምት የመቋቋም አቅሙ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ለኮርኒስ፣ ለበር ልባስ፣ ለመደርደሪያና ለወለል ንጣፍ ይስማማል፤ ለቤት ምሶሶ፣ ለጣሪያ ወራጅ ወይም በፌሮ ምትክ ሊውል አይገባም።

ከፋይበርግላስ ጋር ሲወዳደርም ክብደት መታየት አለበት። የብርጭቆ ፋይበር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አብዛኛው የተክል ፋይበር ግን ከ1.3 እስከ 1.5 ግራም ነው። ብርጭቆ በጥንካሬ ይበልጣል። ሆኖም ለእኩል ክብደት ሲሰላ የተልባ ግንድ ፋይበር በግትርነት ከብርጭቆ ጋር ይቀራረባል። መኪና ሠሪዎች የተክል ፋይበርን የወደዱት ለዚህ ነው፤ የቀለለ መኪና ነዳጅ ይቆጥባል። ተልባ በእኛም ደጋ ይዘራል። የእኛው ለፍሬው ስለሚዘራ ግንዱ አጠር ያለና ቅርንጫፋም ነው፤ ረጅም ፋይበር ተብሎ ከሚመረተው የአውሮፓ ተልባ ጋር አይስተካከልም። ቢሆንም ፍሬው ከተወቃ በኋላ በግንዱ ልጥ ውስጥ ፋይበር አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። ረጅምና ቀጭን ፋይበር ሸክም ይሸከማል። የተፈጨ ገለፈት ወይም የእንጨት ዱቄት ግን ፕላስቲኩን ያደነድነዋል፣ ፕላስቲክ ይቆጥባል እንጂ እንደ ገመድ አይጎትትም። የሩዝ ገለፈት ፈጭቶ ጨምሮ የቃጫን ጥንካሬ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ጥፋቱም የገለፈቱ አይደለም።

ዋናው ችግር ያለው ፋይበሩና ፕላስቲኩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ተክል ውሃ ይወዳል፤ ፕላስቲክ ውሃ ይገፋል። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀላቀል ፋይበሩን ከላይ እንዳየነው ተመዝዞ እንደወጣው ጭድ ያደርገዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ፋይበሩን በለሰለሰ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ማጠብ ሰሙንና ልል ሽፋኑን አንሥቶ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል። ከዚያም ማሌይክ አንሃይድራይድ የተገጠመለት ፖሊፕሮፒሊን በጥቂት መቶኛ ሲጨመር በአንድ እጁ ፋይበሩን፣ በሌላው ፕላስቲኩን ይይዛል። ይህ ካልተደረገ ደካማ ዕቃ ይወጣል፤ ደካማ ዕቃ ያየ ሰው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ይጠላል።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ «የተገኘውን ፕላስቲክ አቅልጦ የተገኘውን ጭድ መጨመር በቂ ነው»

እውነታው፦ ከሁሉ አደገኛው አመለካከት ይህ ነው። የተክል ፋይበር ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ መጎዳት ይጀምራል። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ የሚደርሰው እዚያው አካባቢ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ የወደቀች ጭድ ወዲያው ትቀላለች፣ ትጠቁራለች፣ ጭስ ጭስ ትሸታለች። ፋይበሩ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሆንም የሚደርስበት ይኸው ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ከዚያ በታች የሚቀልጥ መሆን አለበት።

ፌስታልና ጀሪካን የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን እንደ ዓይነቱ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል። የማዳበሪያ ከረጢት የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እነዚህ ለተክል ፋይበር ይስማማሉ። የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ግን ከ250 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ጭዱን አክስሎ ነው የሚቀልጠው። ፔት የራሱ የመልሶ መጠቀሚያ መንገድና የራሱ ገዢ አለው፤ ወደዚያ መሄድ አለበት።

መለያ መሣሪያ ባይኖርም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ብዙ ይናገራል። ከባዶ ሃይላንድ ላይ ከገላው አንዲት ቁራጭ፣ ከክዳኑ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ይቁረጡ። ሁለቱንም ውሃው ውስጥ ከትተው አየር እንዳይዙ በጣት ይጫኑዋቸው። የገላው ቁራጭ ይሰምጣል፤ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ገላው ፔት ነው፣ ከውሃ ይከብዳል። ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከውሃ ይቀልላል። የጀሪካንና የከረጢት ቁራጭም ይንሳፈፋሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የፒቪሲ ቧንቧ ግን ይሰምጣሉ። ለተክል ፋይበር የምንፈልገው የተንሳፈፈውን ነው።

የሰመጠውን ፒቪሲ ከሌላው ጋር በእሳት ማቅለጥ ጉዳት አለው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባና ዓይን የሚያቃጥል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ዳይኦክሲን የተባለው መርዝም ከዚሁ ይፈጠራል። በማንኛውም ዓይነት ፕላስቲክ ቢሆን በርሜል እሳት ላይ ጥዶ በእንጨት ማማሰል ሥራ ፈጠራ ተብሎ ሊወደስ አይገባም። ሙቀቱ አይለካም፣ ጭሱ ይተነፈሳል፣ ብዙ ጊዜም የሚያማስሉት ወጣቶች ናቸው። ሌላም ክልክል አለ፦ ለሰሊጥና ለጥጥ ፀረ ተባይ የመጣበት ጠርሙስና ጀሪካን በፍጹም ወደዚህ ሥራ መግባት የለበትም።

ፋይበሩም መድረቅ አለበት። በአየር የደረቀ የሚመስል ገለባ ክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ያ ውሃ እንፋሎት ይሆንና ዕቃውን በአረፋ ቀዳዳ ይሞላዋል። ስለዚህ ከመዋሐዱ በፊት እርጥበቱ ከአንድ ወይም ከሁለት በመቶ በታች እንዲወርድ በማድረቂያ ይደርቃል። የአይከል ክረምት ዝናባማ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በጋ ላይ ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ከዝናብ ተጠብቆ ያልተከማቸ አገዳ በሐምሌ ለምንም አይሆንም።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ «ከተክል ስለሆነ ይበሰብሳል»

እውነታው፦ ይህን አባባል ሁለት ሰዎች ለተቃራኒ ዓላማ ይናገሩታል። ነቃፊው «ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል» ይላል። አወዳሹ «ይበሰብሳል፣ አፈር ውስጥ ይጠፋል፣ አካባቢን አይበክልም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለነቃፊው መልሱ ይህ ነው። በፕላስቲክ ዙሪያውን የተሸፈነ ፋይበር እርጥበት እንደ ልብ አያገኝም፤ ስለዚህ ከተራ እንጨት እጅግ ቀስ ብሎ ይጎዳል። አሜሪካና ቻይና ውስጥ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራ የበረንዳ ወለል በብዛት የሚሸጠው ለዚህ ነው። ግን ፈጽሞ አይጎዳም ማለትም አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ የተዘረጋ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ የእግረኛ መተላለፊያ ላይ ፈንገስ በቅሎ መገኘቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 አሳውቀዋል። ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በሚስማር ቀዳዳ በኩል ነው፤ ፋይበሩ ከበዛ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ ለውሃ መንገድ ይሆነዋል። ጫፎቹን መድፈን፣ ከመሬት ማራቅና የፋይበሩን መጠን መገደብ ዕድሜውን ያረዝመዋል። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ፋይበሩም ፕላስቲኩም በእሳት ይነዳሉ። ማገዶ በሚነድበት ማድ ቤት ለኮርኒስነት ከታሰበ እሳት የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ሊጨመርበት ይገባል።

ለአወዳሹ ደግሞ፦ ፖሊፕሮፒሊን ገለባ ስለገባበት ፖሊፕሮፒሊን መሆኑ አይቀርም። ሜዳ ላይ ቢጣል ገለባው ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ፕላስቲኩ ግን ተፈረካክሶ ደቃቅ ሆኖ አፈርና ውሃ ውስጥ ይቀራል። ሊበሰብስ የሚችል ፒኤልኤ የተባለ ከተክል ስኳር የሚሠራ ፕላስቲክ አለ፤ እሱም ቢሆን በፍጥነት የሚፈርሰው 60 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ ቢቀበር ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የትራባንት ታሪክም እዚህ ላይ ያስተምራል። ከጀርመን ውሕደት በኋላ የተጣሉት የትራባንት አካላት ጥጥ ስለነበረባቸው አልጠፉም፤ ሙጫው ዳግመኛ የማይቀልጥ ዓይነት ስለነበረ ማስወገዱ ራሱ ችግር ሆነ።

ታዲያ ለአካባቢ ያለው ጥቅም የት ላይ ነው? ለአንድ ዕቃ የሚገባው ፕላስቲክ በገባው ፋይበር ልክ ይቀንሳል። ዕቃው ቀላል ይሆናል። ሜዳ ላይ ይቃጠል የነበረው አገዳ ለዓመታት ዕቃ ሆኖ ይቆያል። ከገደልና ከቦይ የተለቀመው ከረጢትና ጀሪካን ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ግን ዕቃው ሲያረጅ ተመልሶ እንዲቀልጥ የሚሰበስበው ሰው ካለ ብቻ ነው ሙሉ የሚሆነው። ፋይበሩ የታጠበበት የኮስቲክ ሶዳ ውሃም ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ከተደፋ የተገኘውን ጥቅም ያጠፋዋል።

የሀገሪቱ ሕግም የሚጣል ፕላስቲክን ወደ መገደብ እያመራ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ፌስታሎችን ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ የነገው ጥሬ ዕቃ በፌስታል ላይ ሊመሠረት አይችልም። በጀሪካን፣ በከረጢት፣ በወንበርና በሳፋ ስብርባሪ ላይ መመሥረት አለበት።

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ «ጥሬ ዕቃው በነፃ ስለሆነ ምርቱ ርካሽ ይሆናል»

እውነታው፦ ገለባ ቀላል ነው፤ ወጪው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ልቅ የሆነ ገለባ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር መቶ ኪሎ አይሞላም። አንድ አይሱዙ ከቆላው እስከ አይከል ገለባ ጭኖ ቢወጣ ሚዛኑ ሳይሞላ ጭነቱ ይሞላል፤ የሚከፈለው ግን ለሙሉ ጉዞ ነው። ስለዚህ አገዳው ከማሳው ሳይርቅ መቆረጥ ወይም ተጨምቆ መታሰር አለበት። ከዚያ መልቀም፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ማጠብ፣ ማከማቸት አለ። ማዋሐጃው ማሽን የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ፕላስቲኩ ማሽኑ ውስጥ ይደርቃል፣ ፋይበሩ ያራል። የሩዝ ገለፈት ሲሊካ ስለሚበዛበት የማሽኑን ብረት ይሞርዳል። ፋይበርና ፕላስቲክን የሚያጣብቀው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

ተክል ደግሞ እንደ ፋብሪካ ክር አንድ ዓይነት አይደለም። የዘንድሮው የሰሊጥ አገዳ ከአምናው፣ የመተማው ከቋራው ሊለይ ይችላል። ደንበኛ ግን ዛሬ የገዛው ሰሌዳ ከአምናው እኩል እንዲሆን ይጠብቃል። ይህን የሚያስተካክለው መለየት፣ መመዘንና መፈተን ነው፤ ሁሉም ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። ሊከፈልበትም ይገባል። የለቃሚው፣ የቆራጩና የገበሬው ድካም ተቆርጦ የሚገኝ ርካሽነት ርካሽነት አይባልም።

ዋጋው የሚያዋጣው ለዕቃው ገዢ ሲኖረው ነው። ከውጭ በዶላር የሚገባን ነገር የሚተካ፣ ብዙ ጥንካሬ የማይጠይቅ፣ በቅርብ የሚሸጥ ዕቃ መጀመሪያ ይመረጣል። የንብ ቀፎ ሽፋን፣ የችግኝ መያዣ፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የገበያ መደብ፣ የትምህርት ቤት ወንበር መቀመጫ ለዚህ ይሆናሉ። የምግብና የመጠጥ ውሃ ዕቃ ግን ከተለቀመ ፕላስቲክ መሠራት የለበትም።

ከአይከል ቢጀመር

አይከል ለዚህ ሥራ ጥሩ አቀማመጥ አላት። ከታቿ ሰሊጥና ጥጥ አላት፤ ከላይዋ ጎንደር ከተማና ዩኒቨርሲቲው አሉ፤ መንገዱ ደግሞ በመሐሏ ያልፋል። ማሽን ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ ግን አለ። የሰሊጥና የጥጥ አገዳ በየቀበሌው ምን ያህል እንደሚቃጠል፣ ምን ያህሉም ለማገዶ እንደሚውል ከገበሬው ጋር ሆኖ መቁጠር ይቀድማል። ማገዶ የሆነውን መውሰድ የሴቶችን የእንጨት ለቀማ መንገድ ያረዝማልና የሚወሰደው የሚቃጠለው ብቻ መሆን አለበት። ቀጥሎ የአካባቢው አገዳና የተለቀመው ከረጢት ተዋሕደው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይፈተኑ፤ ሲታጠፍ፣ ሲመታ፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ምን እንደሚሆን በቁጥር ይታወቅ። ከዚያ በኋላ አንድ ዕቃ፣ ለአንድ ገዢ፣ በትንሽ መጠን ይሠራ።

ለወረዳ ባለሙያ፣ ለባለሀብት ወይም ለማኅበር መሪ የምለው አጭር ነው። ፕሮጀክት ይዞ ለሚመጣ ሰው ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ ፋይበሩን እስከ ዛሬ ማን ይጠቀምበት ነበር? ፕላስቲኩ የትኛው ነው፣ በስንት ዲግሪስ ይቀልጣል? ዕቃው ሲያረጅ ማን ይሰበስበዋል? ሦስቱንም በቁጥር ከመለሰ መሬትና መብራት ስጡት። ለገበሬው ደግሞ ለአገዳው በኩንታል የሚከፈለው ዋጋ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አገዳው ጥሬ ዕቃ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ባለቤቱ የሚከፈለው ሰው ነው።